እግሩን የሰጠን እንግዳ

ስለ ትሕትና ሲሰበክ ሁልጊዜ ጎንበስ ያለ ሰው ነው የሚነገረን። ጎንብሶ የጠረገ፣ ጎንብሶ ያጠበ፣ ጎንብሶ የተሸከመ። መልካም ነው፣ አልቃወምም። እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው ትሑታን ሁሉ የሚበልጡት ሰው ግን ያን ዕለት አልጎነበሱም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ እግራቸውን ለእናቴ ዘረጉላት። ይህን ስናገር ወጣቶቹ ይስቁብኛል። «እማማ፣ እሱማ ሹመት ነው እንጂ ምኑ ትሕትና ነው?» ይሉኛል። ቆዩ፣ መጀመሪያ ልጨርስ፣ ከዚያ ትስቃላችሁ እላቸዋለሁ።

ስማቸውን አልጠራም። በሕይወት ቢኖሩ ስማቸው ተጠርቶ መመስገንን አይወዱም ነበር፤ ሰው ሲያመሰግናቸው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መሪ ሽማግሌ ነበሩ። የባላባት ልጅ፣ ቁመተ ረጅም፣ በቅሎ የሚወዱ፣ ሲናገሩ ሜዳው ሁሉ የሚሰማቸው ሰው። እኔ በዚያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ፣ ዝም በይ ሲሉኝ የሚብስብኝ አፈኛ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይችን ልጅ የወለድኳት በአፏ ነው» ትል ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ከአንጋጫ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ አባቴ ቆዳ ፋቂ። ዛሬ ይህ ሙያ ነው፤ ያኔ ግን ዘር ነበር። ከሸክላ ሠሪ ቤት የተወለደ ሰው የገበሬ ቤት ደጃፍ አልፎ አይገባም። ሥራ ሠርቶ ከራበው ምግቡ በእንሰት ቅጠል ላይ ተደርጎ ውጭ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ ቅጠሉ ይጣላል። ውሃ ከጠማው በመዳፉ ያፈሱለታል፣ የገንቦውን አፍ እንዳይነካ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ያን ገንቦ የሠራችው እናቴ ናት! ጭቃውን ከወንዝ ዳር ቆፍራ፣ አሮጌ ገል ፈጭታ ቀላቅላ፣ በእጇ አቁማ፣ በድንጋይ ወልውላ፣ ተኩሳ፣ በጀርባዋ ተሸክማ አንጋጫ ገበያ ያወረደችው እሷ ናት። ገዢዎቹ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጡና ይወስዱታል። ቤታቸው ገብቶ ከተሟሸ በኋላ ንጹሕ ነው ይላሉ። እናቴ ታዲያ «ሸክላውንስ በጎመን ዘር አሟሹት፤ እኛን የሚያሟሸን ምን ይሆን?» እያለች ትስቅ ነበር። አባቴ ግን አይስቅም።

ወደ ወንጌል ቀድማ የገባችው እናቴ ናት። ከገበያ ስትመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ትሰማና ገንቦዋን አውርዳ በር ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን «ግቢ እህቴ» አሏት፤ ገባች። እህቴ ብሎ ከዘመዶቿ ሌላ ሰው ጠርቷት አያውቅም ነበርና እቤት መጥታ ለእኛ እየደጋገመች ነገረችን። በዓመቱ አባቴም ተከተላት፤ ከገበሬው ሁሉ ጋር በአንድ ወንዝ ተጠመቁ። ሰዎቹን ላማቸው አልፈልግም። ክፉዎች አልነበሩም። ታናሽ ወንድሜ ሲታመም ጾመው ጸለዩለት፤ ሲሞትም በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር፣ ከልጆቻቸው አጠገብ ቀበሩልን። ለእናቴ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ እሑድ እሑድ ከስብከት በኋላ መቃብሩ ጋ ሄዳ ሣሩን ትነቅላለች። እኔንም በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትና ይህን አማርኛ የተማርኩት እዚያ ነው። ከቤታችን ግን አይበሉም። ከእጃችን አይበሉም። አባቴ «ወንዙ ውስጥ ወንድማማች ነን፤ ከወንዙ ስንወጣ መንገዳችን ይለያያል» ይል ነበር።

በየዓመቱ ጥር ላይ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ጉባኤ ይደረግ ነበር። ከሆሳዕና፣ ከሞርሲቶ፣ ከዱራሜ በኩል ሰው በእግሩ እየዘመረ ይመጣል። ሐሙስ ከሰዓት እንግዶቹ ሜዳው ላይ በየአገራቸው ተሰባስበው ይቀመጣሉ። እንግዳ አዳይ የምንለው ድምፀ ጎርናና ዲያቆን መሐል ይቆምና «አምስት የሚቀበል!» ብሎ ይጮሃል። የመንደሩ ሰው እጁን ያወጣል፤ እጁን ያወጣ እንግዶቹን እየመራ ወደ ቤቱ ይወስዳል። እቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ባለቤቲቱ በሞቀ ውሃ እግራቸውን ታጥባለች። ምግብ ከዚያ በኋላ ነው። እግሩ ያልታጠበ ሰው ገና መንገደኛ ነው፤ እግሩን ከሰጠ ግን አለቀ፣ የዚያ ቤት ሰው ሆነ። ጉባኤው እስኪበተን ሌላ ቤት አያድርም፣ ሌላ ቤት አይበላም። እሑድ ቤቱን መርቆ ይሄዳል። በእኛ አገር ክርስቲያን ክርስቲያን መሆኑ የሚታየው በዚያ ነበር፤ «እነ እከሌ ዘንድሮ ስንት አሳደሩ?» ነው ወሬው ሁሉ።

እናቴም በየዓመቱ ትዘጋጃለች። ከጥሩ እንሰት የተፋቀ ቆጮ ገዝታ በጉድጓድ ታስቀምጣለች፣ ቅቤ ታጠራቅማለች፣ ሰሌን ትዘረጋለች። ለእግር ማጠቢያ ብላ አፉ ሰፊ የሆነ ሸክላ ሠርታ፣ እንደ መስታወት ወልውላ በጨርቅ ሸፍና አስቀምጣለች። ሐሙስ ሲሆን ነጠላዋን አጥባ ሜዳው ዳር ትቆምና እጇን ታወጣለች። የዲያቆኑ ዓይን እሷ ጋ ሲደርስ፣ ሰው ጉድጓድ እንደሚዘል ዘሎ ያልፋል። ፊት ለፊቱ ለእንግዶቹ ውሃ የተሞሉት ገንቦዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የእሷ ናቸው። ለጉባኤው በነጻ ነው የምትሰጠው። እንግዳው ተከፋፍሎ ሲያልቅ እጇን ታወርድና እቤት እንመለሳለን። ለእንግዳ የተዘጋጀውን ምግብ ራሳችን እንበላዋለን። ያንን ምግብ የበላ ያውቀዋል፤ ቅቤው ራሱ ይመራል።

በዚያ ዓመት ግን አባቴ መረረው። ረቡዕ ዕለት መጫኛውን አወረደና ቆዳዎቹን፣ መፋቂያውን፣ ለመንገድ የምትሆን ትንሽ ማሰሮ አንድ ላይ ጠቅልሎ አሰረ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» አለ። «እህቴ ወንድሜ እያሉ አታለሉን። ስሚ፣ ዘንድሮ እንግዳ ከገባ እሰየው። ካልገባ ጉባኤው ሲበተን እኛም እንበተናለን። ወንድሜ ያለበት አገር እንሄዳለን። እዚያ ቢያንስ እህቴ ብሎ የሚያሾፍብሽ የለም።»

እናቴ «ልጄስ?» አለች። መቃብሩን ማለቷ ነው። አባቴ መጫኛውን ይበልጥ አጠበቀው። እኔም ገባኝ። ከሄድን ትምህርቴ አበቃ፤ የአጎቴ አገር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። እናቴ ደግሞ ያቺን «እህቴ» የምትባልበትን ቃልና የልጇን መቃብር ጥላ ልትሄድ ነው። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው አንድ ሰው እግሩን በመስጠቱ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የት ተሰምቶ ያውቃል!

ሐሙስ ደረሰ። ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። ዲያቆኑ «አምስት የሚቀበል!» አለ፤ እናቴ እጇን አወጣች። «ሦስት የሚቀበል!» እጇ እላይ ነው። «ሁለት ሴቶች የሚቀበል!» እጇን በሌላው እጇ ደገፈችው። በመጨረሻ ሁለት የሞርሲቶ ሽማግሌዎች ቀሩ፤ እጁን ያወጣ ሌላ ሰው የለም። ዲያቆኑ ግራ ቀኝ አየና ቀደም ብላ ብዙ እንግዳ የወሰደች አንዲት መበለትን «እነዚህንም ጨምሪ» አላት።

እኔ እዚህ ላይ አልቻልኩም። «ዓይንህ ታሟል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። «እናቴ እጇን አውጥታ ቆማለች እኮ!»

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ምላስ አጥንት የላትም አጥንት ትሰብራለች እንዲሉ፣ ሰውን ሁሉ ሰብሬው ነበር። ዲያቆኑ ላብ በላብ ሆነ። «አይ፣ እናንተ ላይ ሸክም እንዳናበዛ ብለን ነው» አለ። ከሰዉ መሐል ጥቂቶች መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ መሪያችን ሽማግሌው ከፊት ተነሥተው ወደ እኛ መጡ። በፊታቸው ላይ ሐፍረት ይታይ ነበር፤ ይህን ልመስክርላቸው። ሰዉ ሁሉ እየሰማ «እህቴ፣ በድለንሻል» አሏት። «ነገ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ክፍል ነው የምናስተምረው። በዚህ ሕዝብ ፊት እኔ በእጄ እግርሽን አጥባለሁ።»

«አቤት ትሕትና!» አለ አንድ ሰው። የባላባት ልጅ የሸክላ ሠሪ እግር ሊያጥብ! አንዲት ሴትዮ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ራሴ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በቃ ተካስን ብዬ ነበር።

እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እግሬን እቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት። ያጣሁት እግሬን የሚያጥብልኝ ሰው አይደለም። እግሩን የሚሰጠኝ እንግዳ ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ያ ሜዳ የሚሞላ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። እኛም ተመልሰን ወደ ቤት ሄድን።

አባቴ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ብቻችንን ስንመጣ አየና አንገቱን ነቀነቀ። እኔ እየተንጨረጨርኩ ያየሁትን ነገርኩት። «በሕዝብ ፊት ማጠብማ ቀላል ነው» አለ። «አጥቦ፣ እጁን አድርቆ፣ እቤቱ ይሄዳል። የሚመሰገነውም እሱ ነው።» እናቴ እሳቱን እንኳ አላነደደችም። ሰፊውን ሸክላ ጨርቁን ገልጣ አየችውና መልሳ ሸፈነችው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማን። «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ታሳድሩኛላችሁ?»

ሽማግሌው ናቸው። በቅሎ የለም፣ አሽከር የለም። አንዲት ያደፈች ቦርሳ ራሳቸው ተሸክመዋል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው። አባቴ ከመደንገጡ የተነሣ ቁም ነገር አልመጣለትም። «ጌታው፣ የእርስዎ ቤት እኮ ያ ማዶ ጭሱ የሚታየው ነው» አለ። «መንገድ ጠፋብዎት?»

«ቤቴን ለእንግዶች ለቅቄያለሁ» አሉ። «እኔ ማደሪያ አጣሁ። ደግሞ ዛሬ አንዲት እህት እንግዳ አጣሁ ስትል ሰምቼ ነበር፤ እሷ ጋ ቦታ ይኖር ይሆን ብዬ ነው።»

እናቴን ብታዩዋት! ያቺ በሕዝብ ፊት ቀጥ ብላ የተናገረች ሴት አሁን እንጨቱን ትታ ሰሌኑን ታነሣለች፣ ሰሌኑን ትታ ውሃ ትቀዳለች። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ኧረ ይግቡ» ትላለች፤ ደግሞ በሩ ላይ ራሷ ቆማ ታግዳቸዋለች። እኔ እሳት አነደድኩ። ከገበሬ ወገን የሆነ ሰው ጣሪያችን ሥር ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንገታቸውን ደፋ አድርገው ገቡ፤ በራችን ዝቅተኛ ነበረና ቁመታቸው አልፈቀደላቸውም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

እናቴ ሰፊውን ሸክላ አመጣች። ውሃውን በክርኗ ለካች። ተንበረከከችና እግራቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ገና ስትነካቸው እግራቸው ሸሸ።

ሁላችንም አየን። ሆን ብለው አይደለም። ሰው እሳት ሲነካው እንደሚያደርገው ነው። እኚህ ሰው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «አትንካቸው፣ እንዳይነኩህ» ተብለው ነው ያደጉት፤ አእምሮ የተወውን ሰውነት አልተወውም። እናቴ እጇን ውሃው ውስጥ ጥላ ቀረች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእኔ ደም ፈላ። «በሩ ያውና!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ሽማግሌው ቀደሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። «ልቤ ቀድሞ ገብቷል። የቀረው እግሬ ነው። ትንሽ ታገሺው።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ «ኧረ ለስንቱ ታግሼ ለእግርዎ አንሳለሁ?» አለች። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው፣ እግራቸውን እንደ እምቢተኛ ጥጃ እየጎተቱ ውሃው ውስጥ ከተቱት። እናቴ ያዘችው። አልሸሸም። ተረከዙን፣ ጣቶቹን፣ በየጣቶቹ መሐል ያለውን አቧራ ሁሉ ጊዜ ወስዳ አጠበች። ገንቦ ስትወለውል እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቃ አላየኋትም። ደቀ መዛሙርቱ ሲታጠቡ አንዱ እግሬን አትነካም ብሎ ጌታን አስቸግሮ የለ? ስለ እሱ በተሰበከ ቁጥር የሽማግሌው እግር ትዝ ይለኛል። እሱም ሰውነቱ አልታዘዘው ብሎ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

እራት ቀረበ። አባቴ ለክብራቸው ብሎ ምንም ያልነካው አዲስ ሳህን ከእናቴ ክምር መርጦ አምጥቶ ነበር፤ እኛ የምንበላበትን ሳህን ራሱ ደበቀው። እነሆ የእኛ ሰው፣ እኛም ራሳችንን እንጸየፍ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌው አዲሱን ሳህን አገላብጠው አዩና «ይኼማ ለገበያ ነው። እናንተ የምትበሉበት የታለ?» አሉ። አባቴ ተቅለሰለሰ፤ ከኋላው አወጣው። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ቅቤው እሱ ላይ ሆነ። እኛ አብረናቸው መብላት ስላልለመድን ልንወጣ ስንነሣ «ወዴት ነው? እንግዳ ብቻውን ሲበላ የት አያችሁ?» አሉን። ዙሪያውን ተቀመጥን። እጃችን ከእጃቸው ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ገባ። ሳህኑ ሲያልቅ «ጨምሪልኝ» አሉ። ይህች ቃል ለአንዲት ባለቤት ምን እንደሆነች እንግዳ ያስተናገደ ያውቃል። እናቴ ልትጨምር ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ዓይኗን አብሳ ነው የተመለሰችው።

እግራቸውን ሰጥተዋልና በልማዱ የእኛ ሰው ሆኑ፤ እሑድ ድረስ አልወጡም። ዓርብ ማታ ከሆሳዕና የመጣውን ሰባኪ ይዘው መጡ። ሰባኪው እግሩን ከመዘርጋቱ በፊት የሽማግሌውን ፊት ጠየቅ አድርጎ አየ፤ እሳቸውም «አይዞህ፣ የኔም መጀመሪያ ሸሽቶ ነበር» አሉት። ቅዳሜ ሌሎች ጨመሩ፤ ሰሌን አነሰን። እኔ ውሃ ስቀዳ ወገቤ ተቆረጠ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ደክሞኝ አያውቅም። በሕዝብ ፊት ግን ስለ እኛ አንድም ቃል አልተናገሩም። «አየህ፣ ሊመሰገኑብን አልመጡም» አለች እናቴ ለአባቴ። መጫኛው ግን አሁንም እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው አንድ ሰው ናቸው፤ ጉባኤው ሲበተንስ ማን ያውቃል ብሎ ነው።

ያ ነገር ለእሳቸው ርካሽ አልነበረም፤ ይህንንም ልንገራችሁ። ቤታችን የተሠራበት መሬት የታላቅ ወንድማቸው ነበር፤ ያ ወንድማቸው ወንጌልን ያልተቀበለ፣ ልማድ አጥባቂ ሰው ነው። ክረምት ላይ እሱ በወረሰው የአባታቸው ቤት ለቅሶ ተደርጎ ሁላችንም ሄድን፤ እኛ እንደ ደንቡ ውጭ ነበርን። ከእኛ ጋር በልተዋል ብለው ሽማግሌውን በገዛ አባታቸው ቤት ወደ ውስጥ አላስገቧቸውም። ምግባቸው በእንሰት ቅጠል ላይ ሆኖ ደጅ መጣላቸው። ሰዉ ሁሉ ያያል። እሳቸው መጥተው ከእኛ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጸልየው፣ ቅጠሉን ለሁለት ቀደው ግማሹን ለአባቴ ሰጡትና በሉ። ቅሬታ ብሎ ነገር የለም። የዲያቆኑ ዓይን የተፈወሰውም ከዚያ በኋላ ነው፤ በሚቀጥለው ጥር «አምስት የሚቀበል!» ሲል ቀድሞ ያየው እናቴን ነበር። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ሆሳዕና መምህርት ሆኜ ስንቱን ፊደል አስቆጠርኩ። እንጀራዬ የተጋገረው በዚያ እግር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጌታዬን በየጠዋቱ አመሰግንበታለሁ።

ወደዚያች እሑድ ልመልሳችሁ። ማለዳ ነው፤ ጉባኤው ሊበተን ነው። ሌሎቹ እንግዶች መርቀውን ወጡ። ሽማግሌው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። «እህቴ» አሏት፤ «ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ለምኜሽ ከለከልሽኝ። ልክ ነበርሽ። አሁን የቤትሽ ሰው ሆኛለሁ፤ የሚያየንም የለም። ዛሬስ ትፈቅጂልኛለሽ?»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ መሬቱን ያያል። ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያ ረጅም ሰው ጉልበታቸውን አጥፈው ተንበረከኩ፤ ውሃውን እንደ እሷ በክርናቸው ለኩ። እግሯን ሊይዙ ሲሉ፣ በጭቃ የተሰነጣጠቀው የእናቴ እግር ሽምቅቅ ብሎ ከቀሚሷ ሥር ገባ።

«ይኸውልዎ» አለች እየሳቀችም እያለቀሰችም። «የኔም እግር ቀርቷል።»

«እጠብቃለሁ» አሉ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንደከተቱ ተንበርክከው ቀሩ። ከሜዳው የስንብቱ መዝሙር ይሰማል፤ መሪው እሳቸው ናቸው፣ ይፈለጋሉ። አልተነሡም። እናቴ ትሞክራለች፤ እግሯ ብቅ ይልና ይመለሳል። እሳቸው ይጠብቃሉ። ውሃው በረደ።

አባቴ ያን ጊዜ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጥግ ወዳለው ጭነት ሄዶ መጫኛውን ፈታ፤ ቆዳዎቹ ተበተኑ። ከውስጡ ለመንገድ ያሰራትን ትንሽ ማሰሮ አወጣ፣ ከምድጃው ላይ የሞቀ ውሃ ቀዳባት፣ መጥቶም በሽማግሌው እጅ ላይ ቀስ አድርጎ ጨመረው።